ዜሮ ዓመት ልምድ፦ «ግራጁዌት ትሬይኒ» ተብሎ መቀጠር ምን ማለት ነው?

የመውጫ ፈተና ውጤት በተነገረ ማግስት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችና የቴሌግራም ቻናሎች በአንድ ዓይነት ቅሬታ ይሞላሉ። ማስታወቂያው «ጁኒየር ኢንጂነር፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት» ይላል። ተመራቂው «ሳልቀጠር ልምዱን ከየት ላምጣ?» ይላል። በመሐል አልፎ አልፎ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ሲል የመደቡ መጠሪያ ብዙ ጊዜ «ግራጁዌት ትሬይኒ» ወይም «ሠልጣኝ መሐንዲስ» ነው። አንዱ ድርጅት በዚህ ስም ሁለት ዓመት በዕቅድ ያሠለጥናል። ሌላው በዚሁ ስም መደበኛ ሥራ በግማሽ ደመወዝ ያሠራል። ማስታወቂያውን ብቻ አይቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ልዩነታቸው ያለው ውሉና የሥልጠና ዕቅዱ ውስጥ ነው።

የሚምታቱ ስሞች

ኢንተርንሺፕ፣ ፕሮቤሽን፣ ጁኒየር ኢንጂነርና ግራጁዌት ትሬይኒ በወሬ ላይ እንደ አንድ ነገር ይነሳሉ። ኢንተርንሺፕ የትምህርቱ አካል ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከአምስቱ ዓመት ውስጥ አንድ ሴሚስተር ኢንዱስትሪ ወይም ግንባታ ቦታ ላይ ያሳልፋል፤ የሚመዘነውም ለውጤት ነው። ቀጣሪዎች ልምድ የሚቆጥሩት ከምረቃ በኋላ ያለውን ስለሆነ፣ ይህ ሴሚስተር ሲቪ ላይ ቢያምርም «ልምድ» ተብሎ አይያዝም።

ፕሮቤሽን፣ ማለትም የሙከራ ጊዜ፣ የሕግ ትርጉም አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት፣ አምስት ቀን ለሚሠራ አሥራ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛውን ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል፤ ሠራተኛውም በበኩሉ ያለማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ «የአንድ ዓመት ፕሮቤሽን» የሚባል ነገር በዚህ አዋጅ የለም። አዋጁ የሚሠራው ለግል ድርጅቶችና ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ነው፤ በሚኒስቴርና በቢሮ ደረጃ የሚቀጠር መሐንዲስ የሚተዳደረው በሌላው፣ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው።

ጁኒየር ኢንጂነር የመደብ ስም ነው፤ የሥራ ዝርዝርና የደመወዝ እርከን አለው። ግራጁዌት ትሬይኒ ግን በአዋጁ ውስጥ ራሱን የቻለ ትርጉም የለውም። አዋጁ የሚያውቀው የሙያ ልምምድ ውልን ነው፤ ይህ ውል በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነትና ርዝመት፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት። አብዛኛው «ትሬይኒ» የሚፈርመው ግን ይህንን ሳይሆን ተራ የቅጥር ውል ነው፤ ሥልጠናውም በውስጥ መመሪያ ወይም በቃል ይቀራል። ክርክር ሲነሳ በቃል የተባለውን ማስረዳት አይቻልም።

ሁሉም የሠለጠነ ይፈልጋል፣ ማሠልጠኑን ግን ማን ይክፈል?

«2 ዓመት ልምድ» የሚለው መስፈርት ብዙ ጊዜ እንደ ክፋት ይታያል። ከበስተጀርባው ያለው ግን ሒሳብ ነው። አዲስ ተመራቂ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያስገኘው የሚያስወጣው ይበልጣል። ወጪው ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ወጪ የነባሩ መሐንዲስ ሰዓት ነው።

ከግንባታ ሥራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተመራቂው የአንድን ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ሞመንት፣ ማለትም የሚያጎብጠውን ኃይል፣ ማስላት ይችላል። ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ከመሞላቱ በፊት በነበረው ምሽት ምን መፈተሽ እንዳለበት ግን አልተማረም፦ የፌሮው ቁጥርና ዲያሜትር ከፕላኑ ጋር መግጠሙን፣ ስታፋዎቹ (ዋናውን ፌሮ የሚያቅፉት ቀጫጭን ፌሮዎች) በታዘዘው ርቀት መታሰራቸውን፣ የፌሮ መደራረቡ በቂ መሆኑንና ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አለመዋሉን፣ ስፔሰር (ማራራቂያ) ገብቶ ፌሮው ከካሳፎርማው፣ ማለትም አርማታው ከሚሞላበት ቅርጽ፣ መራቁን፣ ካሳፎርማው ውስጥ መጋዝ ብናኝና ሽቦ አለመቅረቱን። በማግስቱ አርማታው ሲመጣ ስለጠጠረ ሠራተኞች ውኃ ይጨምሩበታል፤ ሠልጣኙ ስላምፕ (የአርማታውን ቅጥነት) ለክቶ «ቁም» ለማለት ድፍረቱም ሥልጣኑም የለውም። ለሙከራ የተወሰደው ኪዩብ (የአርማታ ናሙና) በ7ኛው ቀን ሲሰበር ከ28ኛው ቀን ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ማሳየት ነበረበት፤ ካላሳየ ጥርጣሬው ይጀምራል። የ28ኛው ቀን ውጤት ሲወድቅ ግን የሚቀጥለው ፎቅ ኮለን (ምሰሶ) ቆሞ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰው ብቻውን የማይተወው ለዚህ ነው። ብቻውን ላለመተው ደግሞ አንድ ነባር ሰው ከሥራው ላይ ሰዓት መቁረጥ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ነጠቃ ነው። ድርጅቱ አንድ ዓመት ተኩል አሠልጥኖ ሰውየው ጠቃሚ መሆን ሲጀምር፣ ምንም ያላሠለጠነ ተፎካካሪ ትንሽ ደመወዝ ጨምሮ ይወስደዋል። ይህን አንዴ የቀመሰ ሥራ አስኪያጅ በቀጣዩ ዓመት «2 ዓመት ልምድ» ብሎ ያወጣል፤ በሌላ አነጋገር ሌላው ያሠለጠነውን ይፈልጋል ማለት ነው። ሁሉም እንዲህ ሲያስብ የሚያሠለጥን ይጠፋል።

ሥርዓት ያለው ሥልጠና ብዙ ጊዜ ትልልቅ ድርጅቶች ጋር የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱን የጥገና ባለሙያዎች በራሱ ማሠልጠኛ ያወጣል። የአውሮፕላን ጥገናን ፈርሞ የሚያጸድቅ ባለሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም በተመዘገበ ሥልጠና ይገኛል፤ ከገበያ ተዘጋጅቶ የሚገዛ ሰው የለም። የኃይል ማመንጫና ማሠራጫ፣ የቴሌኮም፣ የሲሚንቶና የመጠጥ ፋብሪካዎችም ሰው የማቆየት አቅማቸው የተሻለ ነው። አምስት መሐንዲስ ያለው ኮንትራክተር አንድ ሰው ቢወሰድበት አንድ አምስተኛው ቢሮው ሄደ ማለት ነው።

በአቅርቦት በኩል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት 70 በ30 የቅበላ ምጣኔ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መራ። የዩኒቨርሲቲ ቁጥር በፍጥነት ሲጨምር ወርክሾፕና ላብራቶሪ በዚያው ልክ አልተከተለም። በፍላጎት በኩል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የሲሚንቶ ዋጋና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የመጣው የዕቃ ዋጋ ለውጥ ፕሮጀክቶችን አዘገየ። ሳይት ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚሰረዘው የነባሩ ደመወዝ ሳይሆን የአዲሱ ቅጥር ነው።

የሚሠራ ፕሮግራም ምን ይመስላል?

በብሪታንያ የግራጁዌት ስኪም (የተመራቂዎች የሥልጠና ፕሮግራም) የተለመደ ቅርጽ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖ ሠልጣኙ በየስድስት ወሩ ገደማ ክፍል የሚቀያየርበት ነው። ሥልጠናው ግን ብቻውን አይቆምም፤ ቻርተርድ ኢንጂነር ወደሚባለው የሙያ ማዕረግ ከሚወስደው መሰላል ጋር ታስሯል። ዩኬ-ስፔክ የሚባለው መመዘኛ አምስት መስኮች አሉት፦ ዕውቀት፣ ዲዛይንና ችግር መፍታት፣ ኃላፊነትና አመራር፣ መግባባት፣ ሙያዊ ሥነ ምግባር። ሠልጣኙ በእያንዳንዱ ላይ ማስረጃ እየሰበሰበ ይሄዳል። በደቡብ አፍሪካ ተመራቂው ለኢንጂነሪንግ ካውንስሉ በዕጩነት ተመዝግቦ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሜንተር (መካሪ ባለሙያ) ሥር ይሠራል። ኬንያም ግራጁዌት ኢንጂነርን መዝግባ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ልምድ ሲኖረው ወደ ፕሮፌሽናል ታሳድጋለች። በሦስቱም አገር ሠልጣኙ የሚጽፈው ማስታወሻ ከድርጅቱ ውጭ የሚያነበው አካል አለ።

እኛ ጋር በኮንስትራክሽን ዘርፍ ግራጁዌት፣ ፕሮፌሽናልና ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል የሚሉ የምዝገባ ደረጃዎች አሉ። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሜካኒካል ወይም ኬሚካል መሐንዲስ ግን ያለ ምንም ምዝገባ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። በግንባታውም ቢሆን የኮንትራክተር ደረጃ በከፊል በተመዘገቡ ባለሙያዎች ስለሚወሰን፣ ከሰውየው ይልቅ ወረቀቱን የሚፈልጉ ቀጣሪዎች አሉ። ላይሰንስ «ማከራየት» የሚባለው፣ ማለትም ሳይሠሩ የምዝገባ ወረቀትን በክፍያ ለድርጅት የመስጠት ልማድ ለተመራቂው ቀላል ገንዘብ ይመስላል፤ ሳይቱ ላይ ጉዳት ቢደርስ ስሙ የተመዘገበው ሰው ተጠያቂ መሆኑን ግን አከራዩ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ጥሩ የአሥራ ሁለት ወር ዕቅድ፣ ለምሳሌ በአንድ የመጠጥ ፋብሪካ፣ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል። ሁለት ሳምንት ደኅንነትና ትውውቅ። ሦስት ወር ዩቲሊቲ፦ ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ ውኃ ማጣሪያ። አራት ወር የጠርሙስ መስመር ላይ፣ ከማጠቢያው እስከ መክደኛው፣ የሌሊት ፈረቃ ጭምር፤ ማሽን የሚበላሸው ማንም በሌለበት ሰዓት ስለሆነ ሌሊት ያልሠራ ሠልጣኝ ግማሹን አላየም። ሁለት ወር ወርክሾፕ፣ አንድ ወር ስቶርና ዕቅድ ክፍል። ስቶር ብዙ ሠልጣኝ የሚንቀው ክፍል ነው፤ የአንድ ቤሪንግ ቁጥር ተሳስቶ ሲታዘዝ መስመሩ ስንት ቀን እንደሚቆም የሚታየው ግን እዚያ ነው። ቀሪው አንድ ወር ተኩል ለራሱ ፕሮጀክት ይሆናል።

ፕሮጀክቱ ትንሽና የሚለካ ቢሆን ይሻላል። የታመቀ አየር ብክነት አንዱ ነው። ምርት በቆመበት እሑድ ኮምፕረሰሩ ብቻውን ይነሳል፤ አየር የሚጠቀም ማሽን ስለሌለ የሚሄደው አየር ሁሉ ፍሳሽ ነው። ኮምፕረሰሩ ጭነት ላይ የሚቆይበትና የሚያርፍበት ጊዜ በሰዓት ይያዛል። 2 ደቂቃ ሠርቶ 6 ደቂቃ ካረፈ፣ 2 ለ8 ሲካፈል 25 በመቶው አቅም በቀዳዳ እየወጣ ነው። ከዚያ በሳሙና አረፋ መገጣጠሚያዎቹን መፈተሽ፣ መጠገን፣ እንደገና መለካት። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ሠልጣኙ ደግሞ በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ የሚናገረው ቁጥር ይኖረዋል።

ከዕቅዱ ጎን ሁለት ሰዎችና አንድ ደብተር ያስፈልጋሉ። አንዱ ሰው የዕለት ሥራ የሚያዝ የክፍል ኃላፊ፣ ሌላው ከዚያ ክፍል ውጭ ያለ ሜንተር ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ሠልጣኙ ስለ አለቃው የሚያማክረው ያጣል። ደብተሩ ሎግቡክ ነው፦ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የተለካው፣ የተሳሳተው፣ የፈረመው። «ዛሬ ሳይት ላይ ተገኝቼ ሥራ ተከታትያለሁ» የሚል ሎግቡክ ባይጻፍ ምንም አልጎደለም።

የሚበላሸው የት ነው?

ብዙ ጊዜ ፕሮግራም የሚበላሸው በክፋት አይደለም፤ ሠልጣኙ አንድ ነገር በደንብ ማድረግ ሲጀምር ነው። አውቶካድ የሚችል ሆኖ ከተገኘ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሌላውን ንድፍ ሲያጸዳ ዓመቱ ያልቃል። ቁጥር የሚወድ ከሆነ ቴክኦፍ ሺት (የሥራ መጠን መለኪያ ቅጽ) እና የክፍያ ሰርተፊኬት ላይ ይቀራል። ሳይት ላይ ፎርማኑን ያገዘ ሰው የሠራተኛ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ ይቀራል። ክፍሉ ስለሚፈልገው አይለቀውም፤ የሰው ሀብት ክፍሉም እንዲለቀው አይገፋም። ሦስት ዓመት ሠርቶ የአንድ ዓመት ልምድ ብቻ ያለው መሐንዲስ የሚወጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው የክፍል ለውጡን ቀን በፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ አስቀድሞ ማስፈርና የክፍል ኃላፊው እንዲፈርምበት ማድረግ ነው።

ሜንተሩም ብዙ ጊዜ ለማሠልጠኑ ምንም አያገኝም፤ ግምገማው የሚሠራው በምርት ወይም በሳይት ፍጥነት ነው። ለሠልጣኝ የሰጠው ሰዓት ነጥቡን የሚቀንስበት ከሆነ ሰዓቱን አይሰጥም።

ከሁሉም የከፋው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ጉጉ ሠልጣኝ ያልተፈቀደለትን ይነካል። ሞተር ከመክፈቱ በፊት ብሬከሩን አውርዶ በራሱ ቁልፍ መቆለፍ፣ ቁልፉን ኪሱ ማድረግ፣ ምልክት መስቀል፣ ከዚያ ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ መፈተሽ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ደግሞ መስመሩን ኧርዝ ማድረግ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ማገናኘት። እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት በተግባር ያላሠራ ፕሮግራም ሌላው ሁሉ ቢያምር ሊታመን አይገባም። የራስ ቁርና የደኅንነት ጫማ «ራስህ ግዛ» የሚል ቀጣሪም ስለቀሪው አሠራሩ አስቀድሞ ነግሯል።

ከመፈረም በፊት የሚነበቡ ነገሮች

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ደመወዙን ነው። ከዚያ እኩል የሚያስፈልገው ግን ክፍያው ምን ተብሎ እንደሚከፈል ነው። «ደመወዝ» ከሆነ የሥራ ግብር ይቆረጥበታል፤ ለጡረታም ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። «የኪስ ገንዘብ» ወይም «አበል» ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይኖሩም። እጅ ላይ የሚገባው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን በርካታ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ስለሚጠይቁ፣ ያ ዓመት በኋላ ልምድ ሆኖ ላይቆጠር ይችላል። ልምድ ፍለጋ ለገባ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ዕዳ) ያለበትም ተመራቂ ተቀናሹን አስቀድሞ አስልቶ ይግባ።

ቀጥሎ የማገልገል ግዴታ አለ። ድርጅቱ ያሠለጠነውን ሰው ላለማጣት «ከሥልጠና በኋላ ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ፤ ካልሆነ ይህን ያህል ብር ትከፍላለህ» ይላል፤ ዋስም ያስጠራል። በመርህ ደረጃ ነውር የለበትም፤ አዋጁም ስለ ስንብት ክፍያ ሲደነግግ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ያለበትን ሠራተኛ ነጥሎ ያነሳል። የሚያጣላው መጠኑና አቀናነሱ ነው። ለምሳሌ ያህል ግዴታው ሦስት ዓመት፣ የሥልጠናው ወጪ 120,000 ብር ቢባል፣ 24 ወር አገልግሎ የሚለቅ ሰው ላይ የሚቀረው 12 ወር ነው። ወጪው በወር እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ የሚፈለግበት 40,000 ብር ይሆናል። ውሉ ስለ መቀነስ ዝም ካለ ግን በ35ኛው ወር ለሚለቅም 120,000 ብር ሊጠየቅ ይችላል። ወጪው በምን እንደተሰላ፣ ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብት ግዴታው ይቀር እንደሆነ፣ የዋሱ ኃላፊነት እስከ ስንት ብር እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። አብዛኛው ሰው ዋስ የሚያደርገው አጎቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ነው፤ ጣሪያ የሌለው ዋስትና የሚያስከፍለው እነሱን ነው።

ከሙከራ ጊዜ በኋላ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ሲለቅም ሆነ በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማስረጃው «ትሬይኒ» ብቻ ከሚል «ሠልጣኝ ኤሌክትሪካል መሐንዲስ» ቢልና የተሠራባቸውን ክፍሎች ቢዘረዝር ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የመግቢያው በር

ሰነድ ማጣራት፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጤና ምርመራ፣ ዋስ፤ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ሰነድ ላይ የሚጥለው የነጥብ ገደብና የመውጫ ፈተና ነው፤ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም ዘርፍ የሚሰጥ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ላይ ስለሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ የሚዘጋጅ ይሳሳታል። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚለየው ኢንተርንሺፑን በዝርዝር ማስረዳት የቻለ ነው፦ የፓምፑ አቅም ስንት ነበር፣ ለምን ተበላሸ፣ ማን እንዴት ጠገነው። የሌላን ሰው የኢንተርንሺፕ ሪፖርት የገለበጠ ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል።

ርካሽ ጉልበት ወይስ ዕድል?

ተመራቂዎች ትሬይኒነትን ደመወዝ መቀነሻ ስም ነው ይላሉ። ቀጣሪዎች ደግሞ ዲግሪ ይዞ ካሊፐር ማንበብ የማይችል ሰው እየመጣብን ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑባቸው ቦታዎች አሉ፤ መለያው ቀላል ነው። ሠልጣኙ ነገ ባይመጣ መስመሩ ወይም ሳይቱ የሚቆም ከሆነ ሠልጣኝ ሳይሆን ሠራተኛ ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ ይገባዋል። ባይመጣ የሚጎዳው ራሱ ብቻ ከሆነ እየሠለጠነ ነው።

መንግሥት ይግባ የሚለው ሐሳብ በሁለት መልክ ይነሳል። አንዱ ለሚያሠለጥን ድርጅት የግብር ማበረታቻ መስጠት ነው፤ ችግሩ ሠልጣኝ በወረቀት ብቻ መመዝገብ ቀላል መሆኑ ነው። ሌላው በመንግሥት የግንባታ ጨረታዎች ላይ ኮንትራክተሩና ኮንሰልታንቱ የተወሰነ ቁጥር ሠልጣኝ እንዲይዙ ማስገደድና ወጪውን በሥራ ዝርዝሩ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ማድረግ ነው። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። ወጪው ለሁሉም ተጫራች እኩል ስለሚሆን ያሠለጠነ አይቀጣም፤ ክፍያውም በተፈረመ ሎግቡክ ላይ ሊመሠረት ይችላል። ግን ሎግቡኩን የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ከሌለ ሌላ የቅጽ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ቅጥር የቀዘቀዘበት ዓመት ጉዳት ወዲያው አይታይም። ዘንድሮ ያልተቀጠረው ሠልጣኝ ከስድስት፣ ሰባት ዓመት በኋላ የሳይት ኃላፊ ወይም የጥገና ክፍል ኃላፊ መሆን የነበረበት ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ማስታወቂያው «8 ዓመት ልምድ» ይልና አመልካች ይጠፋል። ድርጅቱም ክፍተቱን የሚሞላው ወይ በውድ በሚመጣ የውጭ ባለሙያ ነው፣ ወይ አራት ዓመት ልምድ ያለውን ሰው ያለጊዜው ወንበሩ ላይ በማስቀመጥ። ያ ሰው ደግሞ አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣለት የሚሰጠው ሰዓት አይኖረውም።